የብርሃን ፌርማታ

እስቲ ዓይናችሁን ጨፍኑ። ፊታችሁን ወደ መስኮቱ አዙሩ።

ጉንጫችሁ ሞቀ? ማን ነካችሁ?

ማንም አልነካችሁም። ፀሐይ ናት። እዚያ ሩቅ፣ በጣም ሩቅ ሆና ጉንጫችሁን ዳበሰችው።

ሲፈንም ዛሬ ጠዋት የነቃችው እንደዚሁ ነው። አንዱ ጉንጯ ሙቅ። አንዱ ጉንጯ ቀዝቃዛ።

ጥቅምት ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ ሰማያዊ ነው፤ ነፋሱ ግን አፍንጫ ይቆነጥጣል።

ሲፈን የምትኖረው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። የመጨረሻው ፎቅ ላይ። ከታች ሚኒባሶች ይጮኻሉ፣ ከላይ ርግቦች ይራመዳሉ።

ከርግቦቹ ጋር ጣራው ላይ ብዙ ነገር አለ። የተሰጣ ልብስ። ዲሽ። ሌላ ዲሽ። ፀሐይ የሚሞቅ ጥቁር ጀሪካን።

እና ሶላሩ!

ሰማያዊ። የሚያብረቀርቅ። እንደ ጠረጴዛ ሰፊ፣ ትንሽ ዘንበል ያለ።

ሶላሩን እዚያ የተከለችው የሲፈን እናት ሌንሳ ናት። ሥራዋ ነው። ዛሬ አንድ ጣራ ላይ፣ ነገ ሌላ ጣራ ላይ ትውላለች።

«እማዬ፣ ሶላር ምን ይበላል?» አለች ሲፈን አንድ ቀን ጣራው ላይ።

«ብርሃን።»

«ምን ይጠጣል?»

«ብርሃን።»

«እራትስ?»

«እራት የለውም። ሲመሽ ይተኛል። ተረት ካልነገራችሁኝ ብሎ አያስቸግርም።»

ሲፈን ሳቀች። ከዚያ ቀና ብላ በጣቶቿ መሐል ፀሐይን ሰረቅ አድርጋ አየቻት።

«ብርሃኑ ከዚያ ድረስ በምን ይመጣል? መንገድ አለው?»

«ያለ መንገድ ይመጣል» አለች እማዬ።

«በገመድ ነው?»

«ያለ ገመድ።»

«ይበራል እንዴ? ክንፍ አለው?»

«ያለ ክንፍ!»

አየር እንኳ የሌለበት ባዶ፣ ጨለማ፣ ሰፊ ቦታ አለ። ብርሃን ያንን ሁሉ ብቻውን አቋርጦ ይመጣል።

ያለ መንገድ! ያለ ገመድ! ያለ ክንፍ!

«ከዚያስ?»

«ከዚያ እዚህ ያርፋል። ጥቁሩ ጀሪካን ላይ ሲያርፍ ሙቀት ይሆናል። ሶላሩ ላይ ሲያርፍ ግን መብራት ይሆናል።»

«እንዴ!» አለች ሲፈን።

ሲፈን ቤት ውስጥ አንድ ምስጢር አላት።

ምስጢሯ ነጭ ነው። ድቡልቡል ነው። ጎኑ ላይ አንድ ቡናማ ነጥብ አለው።

እንቁላል!

የእንቁላሏ እናት ዶሮ አልታቀፍም ብላ ተነስታ ሄደች። እማዬ ያን ጊዜ አንድ ዶሮ እርባታ ጣራ ላይ ሶላር ስትተክል ነበር። ባለቤቶቹ «ለልጅሽ ውሰጂላት» አሏት።

እማዬ ከእንጨት ሳጥን ሠራች። ፊቱ ላይ መስታወት ገጠመች። ውስጡ አምፖል ሰቀለች።

አምፖሉ ዝም ብሎ አምፖል አይደለም። የአውቶቡስ አምፖል ነው! የሰጧቸው ጋሽ ጥጋቡ ናቸው።

ጋሽ ጥጋቡ ከታች ባለው ቤት ይኖራሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ነድተዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰዎች ከኋላቸው «ወራጅ አለ!» ብለዋቸዋል።

አሁን ጡረታ ወጥተዋል። አሁን ተራው የእሳቸው ነው።

ደረጃ ሲወርዱ፦ «ወራጅ አለ!»

ከወንበር ሲነሱ፦ «ወራጅ አለ!»

ድመታቸውን ከጭናቸው ሲያወርዱ፦ «ወራጅ አለ!»

የአውቶቡሱ አምፖል ያበራል፤ ያሞቃልም። እንቁላሏ ከሥሩ ትሞቃለች።

«አምፖሉ እናቷ ነው?» አለች ሲፈን።

«ለጊዜው» አለች እማዬ።

ከጣራው አንድ ገመድ ይወርዳል። በመስኮቱ ይገባል። ባትሪው ጋ ይደርሳል።

ቀን ሶላሩ ባትሪውን ያጠጣዋል። ሌሊት ባትሪው አምፖሉን ያጠጣዋል።

ጠዋት ባትሪው ባዶ ሆኖ ይነቃል። በጣም ይጠማዋል።

ዛሬ ጠዋት ሲፈን ጆሮዋን ሳጥኑ ላይ ለጠፈች።

ጠቅ!

ሲፈን ትንፋሿን ያዘች።

ጠቅ! ጠቅ!

«እማዬ! ታንኳኳለች! ልትወጣ ነው!»

እማዬ አንድ እግሯ ጫማ ውስጥ፣ አንድ እግሯ ውጪ ሆኖ እየዘለለች መጣች። አዳመጠች። ዓይኗ ትልቅ ሆነ።

«ዛሬ ሳትወጣ አትቀርም። ሲፉዬ፣ ሳጥኑን እንዳትከፍቺው እሺ? ዛሬ ሙቀት ካጣች…»

እማዬ ንግግሯን አልጨረሰችውም።

«ካጣችስ?» አለች ሲፈን።

«አታጣም። ይኸው ፀሐይ አለች።» እማዬ መሰላሏን ተሸከመች። «ጋሽ ጥጋቡ አሉልሽ። ማታ እንገናኝ፤ ሦስት ሆነን!»

«አራት!» ሲል አንድ ድምፅ ከደረጃው ተሰማ። ጋሽ ጥጋቡ ናቸው። «እኔን የት ጣልሽኝ?»

ጋሽ ጥጋቡ ጀርባቸው ላይ ማዳበሪያ አዝለዋል። ማዳበሪያው ሙሉ በርበሬ ነው። ቀይ፣ ረጃጅም፣ የሚያምር በርበሬ።

«ላስጣው ብዬ ግቢው ወረድኩ» አሉ። «ያ አዲሱ ፎቅ ጥላውን ጥሎብናል። ግቢው ፀሐይ የሚባል የለውም! ጣራው ላይ ላስጣው።»

ጣራው ላይ ወጡ። ኡፍ! ኡፍ! ኡፍ!

ወለሉን አዩት። ከተሰጣው ልብስ ውሃ ይንጠባጠባል። ጠብ! ጠብ! ጠብ!

«እዚህ አይሆንም» አሉ።

ዲሹን አዩት። በጣም ጎድጓዳ ነው።

«እዚህም አይሆንም።»

ከዚያ… ሶላሩን አዩት።

ንጹሕ። ደረቅ። ሰፊ። በመዳፋቸው ነኩት። ሙቅ!

«ይሄን የመሰለ ምጣድ ባዶውን ተቀምጦ!» አሉ ጋሽ ጥጋቡ።

አይ፣ ጋሽ ጥጋቡ!

አንዱን በርበሬ አስቀመጡ። ሌላውን ከጎኑ አስቀመጡ። እንደ መኪና ደርድረው፣ ቀጥ አድርገው አቆሟቸው።

«ቀኝህን ያዝ! አንተ፣ ጠጋ በል! እንዲህ ነው እንጂ!»

አይ፣ ጋሽ ጥጋቡ! አይ!

ሶላሩ በሙሉ ቀይ ሆነ። ጋሽ ጥጋቡ ሁለት እርምጃ ወደኋላ ብለው አዩት። በጣም ደስ አላቸው።

«ወራጅ አለ!» ብለው ወረዱ።

ሲፈን ሳጥኑ አጠገብ ተቀምጣለች። አገጯን ጉልበቷ ላይ አድርጋ በመስታወቱ ታያለች።

ጠቅ! ጠቅ!

አምፖሉ ነጭ ነበር። አሁን ቢጫ ነው።

ጠቅ…

ቢጫ ነበር። አሁን ብርቱካናማ ነው።

ጠ…ቅ…

አሁን አምፖሉ ውስጥ የቀረው አንድ ቀይ ክር ብቻ ነው። ቀጭን። እንደ ፀጉር።

ከዚያ ክሩም ጠፋ።

ሲፈን መዳፏን መስታወቱ ላይ አደረገች። መስታወቱ እየቀዘቀዘ ነው።

ጆሮዋን ለጠፈች።

ምንም።

«ጋሼ! ጋሼ! ጋሼ!»

ጋሽ ጥጋቡ አንድ ጫማ በእጃቸው ይዘው ደረሱ። «ምን ሆንሽ? ማን ነካሽ?»

«አምፖሉ ጠፋ! እንቁላሌ በረዳት! ማንኳኳቱን ተወችው!»

ጋሽ ጥጋቡ ሳጥኑን ቀስ ብለው መታ መታ አደረጉት። ኳ! ኳ!

«አውቶቡሴ እንዲህ ስለው ይነሳ ነበር» አሉ። ሳጥኑ አልተነሳም።

የግድግዳውን ማብሪያ ተጫኑ። ቀጭ! ቀጭ! «ዛሬ ሰፈሩ መብራት የለውም ለካ!»

እማዬ ጋ ደወሉ። ጠራ። ጠራ። አልተነሳም። እማዬ የሆነ ጣራ ላይ ናት፤ እጇ ሥራ ይዟል።

ሲፈን ልታለቅስ ነው። አንዲት እንባ ወደ ጉንጯ ወረደች።

ወደዚያኛው ጉንጯ። በመስኮቱ ፀሐይ ወደሚሞቀው።

ሲፈን ጉንጯን ነካችው። እሑድ እሑድ እማዬ ገላዋን በምን እንደምታጥባት ትዝ አላት።

«ጀሪካኑ! ጋሼ፣ ጥቁሩ ጀሪካን!»

ዱብ! ዱብ! ዱብ! ደረጃውን ወጡ።

ጀሪካኑ ከጠዋት ጀምሮ ብርሃን ሲውጥ ነበር። ጥቁር ነገር ብርሃን ይወዳል። ዋጥ ያደርገዋል፤ ሙቀት ያደርገዋል።

ጋሽ ጥጋቡ ጀሪካኑን አዘነበሉ። ሲፈን ሃይላንዷን፣ የፕላስቲክ የውሃ ጠርሙሷን፣ ደቀነች። ቡልቅ! ቡልቅ! ቡልቅ!

ሲፈን አንድ ጠብታ ክንዷ ላይ አደረገች። እማዬ ሁልጊዜ እንደምታደርገው።

አይፋጅም። አይቀዘቅዝም። ልክ ነው!

«በርበሬዬንስ አየሽው?» አሉ ጋሽ ጥጋቡ። «እንዴት አምሮበታል!»

«በኋላ ጋሼ! በኋላ!» ሲፈን ዞር ብላ አላየችም። ሮጠች።

ዱብ! ዱብ! ዱብ! ደረጃውን ወረዱ።

ሃይላንዱን በሻርፕ ጠቀለሉት። ሳጥኑን በፍጥነት ከፈቱ። ሃይላንዱን ከእንቁላሏ ጎን አስተኙት። ሳጥኑን ዘጉ።

ሃይላንዱ ሻርፑን ነካ። ሻርፑ እንቁላሏን ነካ።

ሙቀት ዝም ብሎ አይቀመጥም። ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው ይሄዳል። ሲነካኩ ይሻገራል። ቀስ… ቀስ… ቀስ…

ሲፈን ጠበቀች። ጋሽ ጥጋቡ ጠበቁ። ድመቷም ጠበቀች፤ ግን ከበሩ ውጪ!

ጠ…ቅ…

«ሰማሽ?» አሉ ጋሽ ጥጋቡ በሹክሹክታ።

ጠቅ!

«ሰማሁ!» አለች ሲፈን በሹክሹክታ።

ግን ሃይላንዱ አምፖል አይደለም። ያለውን ሰጠ፤ ለእንቁላሏ፣ ለሻርፑ፣ ለሳጥኑ። ከዚያ እሱም ቀዘቀዘ።

ሌላ ሃይላንድ አመጡ። እሱም ቀዘቀዘ።

ለሦስተኛው ሲወጡ ጀሪካኑ ተንጠፈጠፈ። ጠብ… ጠብ… አለቀ።

«አሁንስ?» አለች ሲፈን። ነፋሱ መጣ። የተሰጣውን ልብስ አርገበገበው። የሆነ ሽታ ይዞ መጣ።

ሲፈን አፍንጫዋን በላት።

«አ… አ… አጥሹ!»

«ይማርሽ!» አሉ ጋሽ ጥጋቡ።

«ያኑርዎት! አ… አ… አጥሹ!»

«ይማርሽ!»

ሲፈን ሽታው ወደ መጣበት ዞረች።

ሶላሩ ሰማያዊ አልነበረም። ቀይ ነበር!

ሲፈን ቀዩን አየች። ፀሐይን አየች። ከሶላሩ የሚወርደውን ገመድ በጣቷ ተከተለችው። ወደ ታች። ወደ መስኮቱ። ወደ ባትሪው።

«ጋሼ!» አለች። «እዚህ ላይ ነው የሚወርደው!»

«ማን?»

«ብርሃኑ! ከፀሐይ ተነስቶ፣ ያለ መንገድ፣ ያለ ገመድ፣ ያለ ክንፍ መጥቶ እዚህ ነው የሚወርደው! ይሄ ፌርማታው ነው!»

 ስለ ፌርማታ ከጋሽ ጥጋቡ በላይ የሚያውቅ ሰው የለም።

«ብርሃኑ ይመጣል» አለች ሲፈን። «‹ወራጅ አለ!› ይላል። ግን መውረጃ የለውም። ፌርማታው ላይ በርበሬዎት ቆሟል!»

ጋሽ ጥጋቡ በርበሬውን አዩ። ፀሐይን አዩ። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ዋይ!» አሉ። «እኔ ነኛ! ፌርማታ የዘጋሁት እኔ ነኝ!» ወዲያው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። «በይ ሲፉ፣ እናውርዳቸው!»

አንሶላ አነጠፉ። በርበሬውን በእፍኝ በእፍኝ አነሱ።

«ወራጅ አለ!» አሉ ጋሽ ጥጋቡ።

«ወራጅ አለ!» አለች ሲፈን።

«ሁላችሁም ውረዱ! መጨረሻ ነው! አ… አ… አጥሹ!»

«ይማርዎት!»

«ያኑርሽ! ወራጅ አለ! አጥሹ!»

«ይማርዎት! ወራጅ አለ! አጥሹ!»

«ይማርሽ!»

ርግቦቹ ጉድ ብለው አዩአቸው።

አንድ በርበሬ ቀረ። እሱም ወረደ።

ሲፈን በሻሿ ሶላሩን ወለወለችው። ቀይ ብናኙ ሄደ። ሰማያዊው ተመለሰ። አንድ ደመና ውስጡ አለፈ። አንዲት ርግብም አለፈች።

ዝም።

ከዚያ ብርሃን ወረደ።

ማንም አላየውም። ማንም አልሰማውም። ግን ወረደ፤ ብዙ፣ በጣም ብዙ ብርሃን፣ አንዱም ሳይጋፋ ወረደ።

ዱብ! ዱብ! ዱብ! ዱብ! ሲፈን ደረጃውን ወረደች። እየሮጠች «ወራጅ አለ!» ማለት አልረሳችም።

ሳጥኑ ጋ ደረሰች። አምፖሉ ጨለማ ነው።

አንድ ቀይ ክር። ቀጭን። እንደ ፀጉር።

ብርቱካናማ።

ቢጫ።

ነጭ!

«በራ!» ብላ ጮኸች። «ጋሼ፣ በራ! ፀሐይ ሳጥኔ ውስጥ ገባች!»

ጋሽ ጥጋቡ እያለከለኩ ደረሱ። በመስታወቱ አዩ። የድሮ አውቶቡሳቸው አምፖል ፊታቸውን አበራው።

«ስንት ዓመት ይዤው ዞርኩ» አሉ ቀስ ብለው። «እንዲህ ሲያምር ግን አይቼው አላውቅም።»

ከሰዓት በኋላ እማዬ መጣች። አንሶላው ላይ በርበሬ አየች። ቀይ አፍንጫዎች አየች። ሁሉንም ሰማች።

መሰላሏን ይዛ እንደ ቆመች ሳቀች። እስክትቀመጥ ድረስ ሳቀች።

«ይቅርታ ልጄ» አሉ ጋሽ ጥጋቡ። «ስነካው ሙቅ ሆነብኝ። ምጣድ መሰለኝ። ሥራው ማሞቅ ካልሆነ ለምን ይሞቃል ታዲያ?»

«የሚሠራው በብርሃኑ ነው ጋሼ» አለች እማዬ። «ግን ያረፈበትን ሁሉ መብራት ማድረግ አይችልም። የተረፈው ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ሙቀት ሲበዛበት እንዲያውም ይደክመዋል።»

«እንደ እኔ አውቶቡስ! ዳገት ላይ ሲሞቅ ቀጥ ነው!»

«እንደሱ።»

«አይዞህ በሉትማ» አሉ ጋሽ ጥጋቡ ወደ ጣራው ቀና ብለው። «አሁን ገባኝ።»

እማዬ ከሥራዋ የተረፈ አሮጌ ቆርቆሮ ነበራት። ጥቁር ቀባችው። ከሶላሩ ራቅ አድርጋ ዘረጋችው።

«ይሄ የበርበሬው ፌርማታ» አለች። «ያ የብርሃኑ።»

ከዚያ ወደ ሲፈን ዞረች። «ሃይላንዱን ማን ነገረሽ?»

«ጉንጬ» አለች ሲፈን።

እማዬ ጉንጯን ሳመችው።

በዚህ ጊዜ ከሳጥኑ ድምፅ መጣ።

ጠቅ! ጠቅ! ጠቅ! ጠቅ!

ሦስቱም መስታወቱን ከበቡ። አፍንጫ፣ አፍንጫ፣ አፍንጫ።

እንቁላሏ ተነቃነቀች። ቡናማው ነጥብ አጠገብ አንድ ቀጭን መስመር ታየ።

ቅር…ጭ!

ትንሽ ቀዳዳ። በቀዳዳው ትንሽ ምንቃር።

 

ምንቃሩ ገፋ። አረፈ። ደግሞ ገፋ። ዛሬ በጣም የደከመው ምንቃር።

ቅርጭ! ቅርጭ!

ሲፈን መታገሥ አልቻለችም።

«ወራጅ አለ!» ብላ ጮኸች።

እንቁላሏም ተከፈተች።

እርጥብ። ቀጫጭን እግር። ዓይኗ እንደ ጥቁር ዶቃ። ተነሳች። ወደቀች። ተነሳች።

«ጭው!» አለች።

«ይማርሽ!» አለች ሲፈን።

ጫጩቷ ከአምፖሉ ሥር ቆመች። ላባዋ ቀስ በቀስ ደረቀ። መጀመሪያ ቡናማ ነበረች። ከዚያ ቢጫ ሆነች። ከዚያ ክብ ሆነች!

«ስሟን በርበሬ እንበላት» አሉ ጋሽ ጥጋቡ።

«ኧረ ጋሼ!» አለች እማዬ። «ዶሮና በርበሬ በአንድ ላይ አይጠራም! ትሰማለች!»

ጋሽ ጥጋቡ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። «ይቅርታ፣ የኔ እመቤት» አሏት ጫጩቷን።

ሲፈን አሰበች። ከሩቅ የመጣውን ሁሉ አሰበች።

«ጮራ» አለች። «ስሟ ጮራ ነው።»

መሸ።

ፀሐይ ከአዲሱ ፎቅ ጀርባ ገባች። ጣራው ቀዘቀዘ። ርግቦቹ ተጠጋጉ። ሚኒባሶቹ መብራታቸውን አበሩ።

ሶላሩ ተኛ። ተረት ካልነገራችሁኝ አላለም።

ሲፈን ግን አለች። አልጋዋ ውስጥ ሆና፣ ብርድ ልብሷን እስከ አገጯ ስባ።

«እማዬ፣ ፀሐይ ሄደች። ጮራ አይበርዳትም?»

«አይበርዳትም። ባትሪው ከሰዓት በኋላ ብዙ ጠጥቷል። አሁን ያጠጣታል።»

«ሳጥኑ ውስጥ ያለው ብርሃን የዛሬዋ ፀሐይ ነው?»

«የዛሬዋ ናት። አንቺ ያወረድሻት።»

ሳጥኑ ጥግ ላይ ያበራል። ግድግዳው ላይ ትልቅ ቢጫ ክብ ሠርቷል። ክቡ መሐል የአንዲት ትንሽ ጫጩት ጥላ ቁጭ ብሏል።

እማዬ ሲፈንን አቀፈቻት። የእማዬ ክንድ የሲፈንን ክንድ ነካ። ሙቀቱ ተሻገረ።

ከታች ቤት ጋሽ ጥጋቡ ወደ አልጋቸው ሲሄዱ ተሰማ። ድመታቸውን ከጭናቸው አወረዱ።

«ወራጅ አለ…» አሉ በእንቅልፍ ድምፅ።

ሲፈን ፈገግ አለች። ዓይኗ ሊከደን ነው።

«እማዬ… ነገም ትመጣለች? ያለ መንገድ…»

«ያለ ገመድ…» አለች እማዬ።

«ያለ…»

ሲፈን አልጨረሰችውም። ተኛች።

«ጭው» አለች ጮራ።